ሦስት ባዶ መቃብሮች

ስለ ላሊበላ የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ እንዴት ተሠራ? በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን ከገለጸ በኋላ፣ አንባቢ ውሸታም እንዳይለው ፈርቶ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ከእሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎችና አስጎብኚዎች ክርክራቸው እዚያው ነው፤ በስንት ዓመት፣ በምን መሣሪያ፣ በሰው እጅ ወይስ በመላእክት? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከወገል ጤና፣ ከኮን፣ ከሙጃ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ የሚመጣው ምእመን ግን ይህን ሊጠይቅ አይመጣም። እሱ የሚመጣው ዮርዳኖስን ሊሻገር፣ ቤተልሔምን ሊሳለም፣ የአዳምን መቃብር ሊያይ ነው። ለእሱ ላሊበላ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ የመጽሐፍ ቅዱስ ትረካ ነው። እኔም በዚህ ዳሰሳ የምመረምረው ያንን ትረካ ነው። ምን መርጦ ይተርካል? ምን ይተዋል? ስለ ተስፋና ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት የሚነግረንስ ነገር ልቡ በተሰበረ ሰው ፊት ይቆማል ወይ?

ከቤተ መድኃኔ ዓለም እጀምራለሁ። 33.5 ሜትር ርዝመትና 23.5 ሜትር ወርድ አለው፤ ከዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በስፋት የሚወዳደረው የለም። የሚገባው ጎብኚ ዓይኑ ወዲያው ወደ ዓምዶቹ ይሄዳል። ምእመኑ ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በ1993 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የተመለሰውን አፍሮ አይገባ የተባለውን መስቀል ለመሳለም ይጋፋል። በአንዱ ማዕዘን ግን አለቱ ላይ ሦስት መቃብሮች ተፈልፍለዋል። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ ናቸው ይባላል። ባዶ ናቸው። አስጎብኚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋቸዋል። እኔ ግን የዚህ ሥራ ልብ እነሱ ናቸው እላለሁ።

ለምን እንደሆነ ለማየት ኦሪት ዘፍጥረት 23ን መክፈት ያስፈልጋል። አብርሃም ምድሪቱን ሁሉ እንደሚወርስ ተነግሮታል፤ ከአገሩ የወጣውም በዚያ ቃል ነው። ይሁንና ሣራ ስትሞት የሚቀብርባት ክንድ መሬት የለውም። ከኬጢያዊው ከኤፍሮን እጅ አንድ እርሻና በውስጡ ያለውን የመክፌላ ዋሻ በአራት መቶ ሰቅል ብር ይገዛል። ዕድሜውን ሙሉ ተስፋ ከተሰጠው ምድር የጨበጠው ይህንኑ የመቃብር ቦታ ነው። እሱም፣ ልጁ ይስሐቅም፣ የልጅ ልጁ ያዕቆብም እዚያው ተቀበሩ። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በምዕራፍ 11 ይህን አይቶ፣ አባቶች የተስፋውን ፍጻሜ በእጃቸው ሳይዙ ከሩቅ ተሳልመውት እንደ ሞቱ ይነግረናል። የላስታ ጠራቢ መዶሻና መሮ ይዞ አለት ውስጥ ሲገባ ከብሉይ ኪዳን የሚመርጠው ታሪክ ሞልቶለት ነበር። የዳዊትን ወንጭፍ፣ የኤልያስን የእሳት ሰረገላ፣ የቀይ ባሕርን መከፈል ማን ይከለክለዋል? በታላቁ ቤት ውስጥ ያስቀመጠልን ግን ያልተፈጸመን ተስፋ ነው፤ የሦስት ሰዎች መቃብር፣ በአገራቸው ሳይሆን እነሱ ረግጠውት በማያውቁት ተራራ ላይ። ቃሉ የእነሱን ዕድሜ ተሻግሮ ሮሐ፣ የዛሬዋ ላሊበላ፣ ደርሷል ማለቱ ነው። ታማኝነትን በዚህ ልክ የተረዳ ሰባኪ ዛሬ ብናገኝ ደስታዬ ነበር።

ዛሬ በዐውደ ምሕረትም፣ በአዳራሽም፣ በዩቲዩብም የሚበዛው ሌላ ዓይነት ንባብ ነው። የዮሴፍ ታሪክ ሲነገር ከጉድጓድ ወደ ዙፋን ይሮጣል፤ ሰሚውም በሦስት ወር ውስጥ ታሪኩ እንደሚቀየር ተነግሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዘፍጥረትን የመጨረሻ ቁጥር ያነበበ ሰው ግን መጽሐፉ በዙፋን እንደማያልቅ ያውቃል። የሚያልቀው ግብፅ ውስጥ፣ በሣጥን በተቀመጠ ሬሳ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ያስማላቸው ስለ ሹመቱ አልነበረም፤ እግዚአብሔር በጎበኛቸው ቀን አጥንቱን ይዘው እንዲወጡ ነበር። ያን ቀን እንደማያየው ያውቃል፤ እንደሚመጣ ግን አልተጠራጠረም። ይህን ግማሽ ቆርጦ የሚጥል ስብከት የተቸገረን ሰው ሁለት ጊዜ ያሳዝነዋል። መጀመሪያ በችግሩ፣ ቀጥሎም ችግሩ በተባለለት ቀን ባለመፈታቱ፣ እምነቴ ጎድሎ ይሆን እያለ።

ይህን የምለው ለክርክር ያህል አይደለም። በደላንታ፣ በወገል ጤና ዙሪያ ባለው ገደል በ2000 ዓ.ም. ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ዶማ ይዞ ወደ አፋፉ ወርዷል። መሬቱ ጠቧል፣ ዝናቡ አይታመንም፣ ድንጋዩ ደግሞ ብርሃን ይዟል ተብሏል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ማለቂያ ላይ ኦፓል ሲቆፍሩ የነበሩ ሃያ ያህል ሰዎች ዋሻው ተደርምሶባቸው መውጫ አጡ። ከባድ ማሽን የማይደርስበት ገደል ነውና የአገሩ ሰው በእጁ ባለው መሣሪያ ሊያወጣቸው ታገለ። በዚያ አፋፍ ላይ ለተቀመጠች እናት ምን ዓይነት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይነገራታል? አልዓዛር ተነሥቷልና ልጅሽም ነገ ይወጣል ልንላት እንችላለን? እኔ አልችልም። ሦስቱ መቃብሮች ግን እሷ ፊት ሊቆሙ ይችላሉ። እነሱ የሚሉት እግዚአብሔር ቃል የገባላቸውን ሰዎች አፈር ውስጥ አይረሳቸውም ነው። ለአብርሃም የተባለው በአብርሃም ሞት አልተዘጋም። ይህ ለቅሶውን አያስቀርም፤ ያስቀራል ብሎም አይዋሽም።

ወደ ቤተ ማርያም ስናልፍ ትረካው መልኩን ይለውጣል። ይህች ቤት ከመድኃኔ ዓለም እጅግ ታንሳለች፤ በሀብት ግን ትበልጣለች ባይ ነኝ። ገና ሳይገቡ፣ ከውጭው ግድግዳ ላይ ሦስት መስኮቶች አሉ። ካህናቱ እንደሚያስረዱት መካከለኛው የጌታ ነው፤ ሁለቱ ከእሱ ጋር የተሰቀሉት ወንበዴዎች ናቸው። በቀኝ ያለው ከበላዩ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶለታል፣ ወደ ገነት። የግራው ቀዳዳ ከታቹ ነው። በአንድ መዳፍ በምትሸፈን ክፍተት የሉቃስ ወንጌል 23 ተነግሮ አለቀ። ከዚህ የሚያጥር ስብከት አይቼ አላውቅም። ጠራቢው የመረጠውን ሰውም ልብ በሉ። ፈያታዊ ዘየማን፣ የቀኙ ወንበዴ፣ ኑሮው አልተሻሻለም፣ ከመስቀሉ አልወረደም፣ የበደለውን ለመካስ ጊዜ አላገኘም፤ በዚያው ቀን እግሩን ሰብረው ገደሉት። ታማኝነትን ያገኘው መከራው ሳይነሣለት ነው። ከላይ የተከፈተችው ቀዳዳ ትንሽ መሆኗም ትክክል ነው፤ ሰፊ መስኮት ቢከፍትለት ኖሮ ጠራቢው በዋሸ ነበር።

ውስጧ ጨለም ይላል። የግድግዳውና የቅስቶቹ የላይኛው ክፍል በሥዕል ተሸፍኗል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ የረገፈም አለ። ዓይን እስኪለምድ መቆም ይጠይቃል። ሲለምድ ወይፈኖች ሲዋጉ፣ ወፎች፣ ሐረጎች፣ በመካከላቸውም የወንጌል ሰዎች ይታያሉ። ማርያምና ኤልሳቤጥ ተገናኝተዋል። ሳምራዊቷ ሴት ከጉድጓዱ አጠገብ ከጌታ ጋር ትነጋገራለች። የዳነው ሽባ አልጋውን ተሸክሟል። እኔ ይህንን ሰው የማነበው እንደ መጻጉዕ ነው፤ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምናስበው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው ዳር የተኛው፣ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ዘመድ ያጣው። እነዚህ የታወቁ ኃያላን አይደሉም። አንዷ በእርጅናዋ የፀነሰች መካን፣ አንዷ ጎረቤት የሚሸሻት ሴት፣ አንዱ ሰው የሌለው በሽተኛ። በንጉሥ ስም በሚጠራ ሥራ ውስጥ ሠዓሊው ለእነሱ ቦታ ሰጥቷል።

አሁን ከሥዕሉ ፊት ተነሥተን ወደ ግቢው እንውጣ። በቤተ ማርያም ግቢ ከአለቱ የተፈለፈለ ጥልቅ ገንዳ አለ፤ ውኃው ላዩ አረንጓዴ ለብሶ ይታያል። ልጅ ያጡ ሴቶች በገና ሰሞን እዚያ ወርደው ይነከራሉ። ውስጥ በግድግዳው ላይ ኤልሳቤጥ፣ ውጭ በውኃው ውስጥ የዛሬዋ ኤልሳቤጥ። ውስጥ መጻጉዕ፣ ውጭ መጠመቂያው። ይህ በወረቀት የተጻፈ መጽሐፍ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ነው። አንባቢዋ ታሪኩን ሰምታ አትመለስም፤ ገብታበት ትወጣለች። ሥራው ከፍታው ላይ የሚደርሰው እዚህ ይመስለኛል።

አደጋውም ያለው እዚሁ ነው። ወደ ገንዳው የወረደች ሁሉ አትፀንስም። በየዓመቱ የምትመለስ አለች፤ ባሏ ያገባባት፣ አማቷ ስሟን በክፉ የሚያነሣባት። ለእሷ ከኤልሳቤጥ ታሪክ የሚነገራት ግማሹ ብቻ ከሆነ ገንዳው ወቃሽዋ ይሆናል። ሣራ ቃሉ ከተነገረ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ጠብቃለች፤ በመካከሉም ተስፋ ቆርጣ በራሷ መንገድ ሞክራለች፣ ስቃለችም፤ መጽሐፉ ይህን አልደበቀም። ኤልሳቤጥስ ልጅ አገኘች፤ ያ ልጅ አንገቱ ተቀልቶ በወጪት ቀረበ። እግዚአብሔር ለኤልሳቤጥ ታማኝ ነበር ስንል ይህንንም ጨምረን ነው የምንለው። ሠዓሊው የሁለቱን ሴቶች መገናኘት መርጦ ከወሊዱ በፊት ማቆሙ ጥበብ አለበት፤ ሁለቱም ገና ያላዩትን ልጅ በማኅፀናቸው ይዘው ነው የሚተቃቀፉት።

ቤተ ጊዮርጊስን በአጭሩ ላንሣ፤ ስለ ውበቱ የተባለው ይበቃል። ሽማግሌዎች የኖኅ መርከብ ነው ይሉታል፤ የቆመበት ደረጃም አራራት ነው። ይህን ንባብ የሚደግፍ ነገር ሕንፃው ላይ አለ። የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ቅርጻቸው ወጥቷል፣ ግን አልተከፈቱም፤ የሚከፈቱት የላይኞቹ ናቸው። ከታች በጎርፉ ልክ ሁሉ ዝግ፣ ከላይ ብርሃን። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያሳለፈ የወሎ ሽማግሌ የተዘጋ መስኮት ምን እንደሆነ አስረዱኝ አይልም። በዘፍጥረት 7 የመርከቡን በር ከውጭ የዘጋው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ በምዕራፍ 8 ደግሞ ኖኅን የሚያስበው እሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ረጅም ቀናት ምንም ድምፅ የማይሰማባቸው ናቸው። ጠራቢው ያንን ዝምታ ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል።

ሁሉም ክፍል እንዲህ የተዋጣለት አይደለም። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ባለው ረጅሙ ጨለማ መተላለፊያ፣ ሲኦል ነው እየተባለ መብራት ሳይበራ እንድናልፍ ይደረጋል። ግድግዳውን እየዳበስን፣ እየተሳሳቅን እናልፋለን፤ ወጥተን ተገላገልን እንላለን። ይህ በገነትና በሲኦል መካከል ያለውን ነገር እንደ ልጆች ድብብቆሽ ማቅለል ነው። ጨለማው ራሱ እውነት ነው። የሚነገርበት መንገድ ግን ፈያታዊ ዘየማንን በአንዲት ቀዳዳ ከተረከው እጅ ጋር አይመጣጠንም።

ደራሲው ማን ነው የሚለውን ማለፍ አይቻልም። ትውፊቱ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠውን ቅዱስ ላሊበላን ይጠራል፤ መላእክትም ሌሊት አግዘውታል። ተመራማሪዎች ደግሞ ሥራው በየደረጃው የተከናወነ እንደሆነ፣ እንደ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ያሉት መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት የታሰቡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይናገራሉ። እንዲህ ከሆነ ጎልጎታ፣ ዮርዳኖስ፣ ደብረ ዘይት የሚሉት ስሞችና ትርጓሜዎቻቸው በአንድ ቀን አልተሰጡም ይሆናል፤ ትውልድ እየጨመረባቸው መጥቷል። ይህ እምነቴን አይነካብኝም። እንዲያውም መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የተጻፈው በብዙ እጅ፣ በብዙ ዘመን ነው። ጠራቢው፣ ሠዓሊው፣ መስኮቱን አይቶ ወንበዴውን ያነበበው ካህን፣ ሁሉም የአንድ ትረካ ጸሐፊዎች ናቸው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትረካው ዛሬ ሲነገር ንጉሡ ሁሉን ይውጠዋል። ሲወለድ የከበቡት ንቦች፣ ያጠጡት መርዝ፣ ሦስት ቀን በሰማይ ያየው ራእይ፣ እነዚህ የገድሉ ታሪኮች ናቸው፤ ክብራቸው የተጠበቀ ነው። ግን በሰዓታት ጉብኝት ውስጥ እነሱ ብቻ ተነግረው መጻጉዕ ሳይነሣ፣ ሳምራዊቷ ሳትታይ ሲቀር ሥራው ከራሱ ፍላጎት ተለይቷል ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትልልቅ የብረት ጣራዎችም አሉ። ዝናቡን ከልክለዋል፤ የነዋሪውን ስጋትም አብዝተዋል። የቤተ ማርያም መስኮቶች ግን በፀሐይ እንዲነበቡ የተቀረጹ ነበሩ፤ አሁን ጥላ ሥር ናቸው። ጥገናው ሲታሰብ ከድንጋዩ ጤና ጋር የብርሃኑም ነገር ቢታሰብ እወዳለሁ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላሊበላ ገባ። መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ ከተማው ወራት አሳለፈ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠ። በዚያው ወር በ29 ገና ነበር፤ ሕዝቡ መጣ፣ የልደቱ መዝሙር ቤዛ ኩሉም ተዘመረ። ሥርዓቱን ያየ ያውቀዋል፤ ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ፣ ግማሾቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የአለት አፋፍ ላይ የመላእክት፣ ግማሾቹ ከታች በግቢው የሰው ልጆች ምሳሌ ሆነው ይቀባበላሉ። ከላይ ያሉት ብቻቸውን አይዘምሩም። ከታች ያሉት መልስ እስኪሰጡ ይጠብቃሉ። በዚያ ዓመት ከታች ከቆመው ሕዝብ መካከል ቤቱ ገና ሐዘን ያልወጣለት ብዙ ነበር። ደስ ብሎት አልነበረም የመለሰው ብል እደፍራለሁ፤ ቃሉ እውነት ስለሆነ መለሰ። ላሊበላ ስለ ተስፋ ከሚያስተምረን ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

በመጨረሻ ከዚህ ሥራ ጋር የማልስማማበትን ላንሣ። ቤተ ጎልጎታ የክርስቶስ መቃብር ምሳሌ ያለበት ነው፤ ሴቶች አይገቡበትም። ሥርዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከአባቶች የመጣ ነው፣ እኔም ልሽረው ሥልጣን የለኝም። ትረካውን በትረካነቱ ስመረምር ግን እዚህ ጋር እንቅፋት ይመታኛል። አራቱም ወንጌላት ወደ መቃብሩ መጀመሪያ የደረሱት ሴቶች ናቸው ይላሉ። ባዶ ሆኖ ያገኙት እነሱ ናቸው፤ ሐዋርያቱ የሰሙት ከእነሱ ነው። ከመድኃኔ ዓለም ባዶ መቃብሮች የተጀመረው ነገር የሚፈጸመው በዚያ ባዶ መቃብር ነው፤ አብርሃም ከሩቅ የተሳለመው እሱን ነው። በቤተ ማርያም ሁለት ሴቶችን ገና ባልተወለደው ተስፋ ላይ ያስተቃቀፈ ሥራ፣ ተስፋው በተፈጸመበት ክፍል ሴቶችን ከደጅ ያስቀራል። ከደላንታና ከዋድላ ሌሊት ተጉዘው የመጡ እናቶች ግድግዳውን ተሳልመው ውጭ ይቀመጣሉ። ወንዶች ልጆቻቸው ሲወጡ አንዷ፣ «ልጄ፣ ምን አየህ? ንገረኝ እስቲ» ስትል ሰምቻለሁ። የሊቃውንት ጉባኤ ይህን ጥያቄ ከሥርዓቱ ክብር ጋር አስማምቶ ቢመለከተው፣ ቢያንስ በደጁ ለተቀመጡት ስለ ማርያም መግደላዊት የሚናገረውን የወንጌል ክፍል የሚያነብላቸው ካህን ቢመደብ፣ የላስታ አለት የጀመረው ትረካ ጎዶሎው ይሞላለታል።